የርግብ ዋጋ
ስለ ሕፃናት መጫወቻና ስለ ጭንቅ ቀን ትርፍ

ንግድ በራሱ ኃጢአት እንዳይደለ የታወቀ ነው። የአንዱን አገር ትርፍ ወደ ሌላው አገር ጉድለት የሚያደርስ ነጋዴ ባይኖር ኖሮ፥ ደገኛው ጨው፥ በረኸኛውም እህል ሳያገኝ በኖረ ነበር። ዳሩ ግን በንግድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትርፍ አለ፤ አንዱ ከድካም ይወለዳል፤ ሁለተኛው ከሌላው ሰው ጭንቅ ይወለዳል። ሁለቱም በገበያ መካከል አንድ ልብስ ለብሰው ስለሚቆሙ፥ ማንኛው ማን እንደ ሆነ መለየት ለሊቃውንትም ጭምር ሲያስቸግር ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ የምንመረምርበትም ነገር ብዙ ሰው እንደ ቀላል የሚያየው የሕፃናት መጫወቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመት በዓል ሰሞን ልጆች ሁሉ የሚመኙት አንድ መጫወቻ ይወጣል፤ ብዛቱ ጥቂት፥ ፈላጊው ግን ብዙ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ይነሣና በመደብሩ ያለውን ጠቅልሎ ይገዛል። የሚገዛውም ለልጁ አይደለም፤ ለሌሎች ልጆች አባቶች በሁለትና በሦስት እጥፍ ለመሸጥ ነው። የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ የአየር በአየር ንግድ ይለዋል፤ ዕቃው ሳይሠራና ሳይሻሻል፥ ከሩቅም ሳይመጣ፥ ዋጋው ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲያድግ አይቷልና። ይህ ሰው በድሏል ወይስ አልበደለም?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ይሰማል። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፤ መጫወቻ እንጀራ አይደለም፤ አሻንጉሊት ስለ ጐደለው የሞተ ሕፃን የለም፤ ገዢው ተገዶ አልገዛ፥ ሻጩም ሰርቆ አልሸጠ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ሦስተኛውን ሰው ምን አገባው? ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ አባትየው የከፈለው ዋጋ የዕቃው ዋጋ አይደለም፥ የልጁ እንባ ዋጋ ነው፤ የልጅን እንባ የሚነግድ ሰው እህል ከሚያከማች ሰው በምን ይለያል? ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው። የማንኛው ድርሻ እንደሚበልጥ ለማወቅ ግን የቀደሙት ሰዎች በየዘመናቸው የፈረዱትን መመርመር ይሻላል፤ ዕቃው አዲስ ነው እንጂ ጥያቄው የቆየ ነውና።

ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ሆኖ መጠየቅ የተገባ ነው። የክፍለ ከተማው ሁለተኛ ስም ጌታችን ከተሰቀለበት ኮረብታ የመጣ ነው፤ ቀራንዮ በጽርዕ ቋንቋ የራስ ቅል ማለት እንደ ሆነ መምህራን ያስተምራሉ። ስፍራው በምሥራቅ በኩል ከአዲስ ከተማ ጋራ ይዋሰናል፤ በአዲስ ከተማም መርካቶ ይገኛል። መርካቶ፥ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ፥ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ በወሰደ ጊዜ የተቋቋመ ነው፤ ስሙም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ከመርካቶ በጅምላ የተነሣው ሸቀጥ በኮልፌ መንገዶች በችርቻሮ ይበተናል፤ በአየር ጤና በኩልም የጅማን መንገድ ይዞ ወደ ገጠር ይወርዳል። ስለዚህ የኮልፌ ሰው ዋጋ ከጅምላ ወደ ችርቻሮ ሲሻገር እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ ከደጃፉ ይማረዋል። ጉልት ላይ የምትውለው እናትና ሱቅ በደረቴ የሚባለው ጐልማሳ ዕለት ዕለት የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። እነርሱንም ከበደለኞች ጋራ ደርበን እንዳንኰንን፥ አስቀድመን የድካምን ትርፍ እንመልከት።

በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ከሸቀጥነት አልፎ እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ በአፋር በረሃ ካለው የጨው ሜዳ እየተፈለጠ፥ በግመልና በበቅሎ፥ በአህያም እየተጫነ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። በፈረንጆች ቍጥር በ1520 ዓመት ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ስድስት ዓመት በአገራችን ተቀምጦ ያየውን በጻፈ ጊዜ፥ የዚህን ጨው ዋጋ ከገበያ ወደ ገበያ እየተከተለ መዝግቦታል። ጨው ከሚፈለጥበት ስፍራ አጠገብ በአንድ ድራም 120 ወይም 130 አሞሌ ይገኝ ነበር። በንጉሡ ሰፈር ግን በዚያው ዋጋ የሚገኘው 6 ወይም 7 ብቻ ነበር፤ በክረምትም 5 ሆኖ አይቷል።

ይህ ወደ ሃያ እጥፍ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። ሆኖም በደል ነው ሊል የሚደፍር ማን ነው? የሲራራው ነጋዴ በረሃ አቋርጧል፤ በየኬላው ቀረጥ ከፍሏል፤ ሽፍታ ፈርቶ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሯል፤ አጋሰሱ በመንገድ ሞቶበታል። እርሱ ባይኖር ኖሮ በንጉሡ ሰፈር አንድም አሞሌ ባልተገኘ ነበር። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፥ የዋጋ ብዛት ብቻውን የበደል ምስክር አለመሆኑን ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ይህ ሻጭ በመካከል ባይኖር፥ ዕቃው ለገዢው ይቀርበው ነበር ወይስ ይርቀው ነበር? ሲራራው ባይኖር ጨው ይርቅ ነበር፤ ስለዚህ ትርፉ የድካሙ ዋጋ ነው። መጫወቻውን ከመደብር ጠቅልሎ የወሰደው ሰው ባይኖር ግን፥ አባትየው በዚያው መደብር፥ በዚያው ቀን፥ በፊተኛው ዋጋ ያገኘው ነበር። ሲራራው መንገድ ይከፍታል፤ ይህ ሰው ግን በተከፈተ መንገድ ላይ ቆሞ ያላቆመውን ኬላ ቀረጥ ይቀበላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትርፍ እንለፍ። አይሁድ ከአባቶቻቸው በቃል የተቀበሉትን ሥርዓት በ200 ዓመት ገደማ የሰበሰቡበት ሚሽና የተባለ መጽሐፍ፥ ቤተ መቅደስ ገና ሳይፈርስ በኢየሩሳሌም የሆነውን አንድ ነገር ያስታውሳል። በኦሪት ሥርዓት የወለደች ሴት የመንጻቷ ቀን ሲፈጸም መሥዋዕት ታቀርባለች፤ በግ ለማቅረብ አቅም ያጣች እንደ ሆነ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ታመጣለች። እንግዲህ በአንድ ወቅት የርግብ ዋጋ ከመጠን አለፈና አንድ ጥንድ በወርቅ ዲናር ተሸጠ። የድኻ መሥዋዕት እንዲሆን የተሠራው ነገር ከድኻ እጅ ወጣ። በዚያን ጊዜ ረባን ስምዖን ወልደ ገማልያል፥ ዋጋው ወደ ብር ዲናር ሳይወርድ ይህችን ሌሊት አላድርም ብሎ በቤተ መቅደሱ ማለ።

ምን እንዳደረገ ልብ ማለት ይገባል። ሻጮቹን አላሳሰረም፤ የዋጋ ልክም አላስነገረም። ወደ ሸንጎው ገብቶ አስተማረ እንጂ፤ የአምስት ወሊድ መሥዋዕት ያለባት ሴት አንዱን ብቻ ብታቀርብ ይበቃታል፥ የቀረው ዕዳ አይሆንባትም አለ። በዚያው ቀን የርግብ ዋጋ ከአንድ የብር ዲናር በታች ወረደ። ዋጋውን ወደ ላይ ያወጣው የርግብ ማነስ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል። የእናቶች ጭንቅ ነበር፤ መምህሩ ጭንቃቸውን ባቀለለ ጊዜ ሻጩ የሚነግደውን አጣ።

ለእኛ ለክርስቲያኖች ይህ ታሪክ የበለጠ ይነካናል። እመቤታችን ልጇን ወደ ቤተ መቅደስ ባገባች ጊዜ ያቀረበችው ይህንኑ የድኾች መሥዋዕት እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፏል። ጌታችንም ነጋድያንን ከመቅደስ ባስወጣ ጊዜ ወደ ርግብ ሻጮች ዘወር ብሎ ለይቶ እንደ ተናገራቸው በወንጌላዊው ዮሐንስ ዘንድ እናነባለን። ርግብ እንጀራ አይደለችም፤ ርግብ ስላጣች የሞተች እናት አልነበረችም። ነገር ግን እናት ስለ ልጇ ልትተወው የማትችለው ነገር ነበረች። ስለዚህ ለመጫወቻው ጥያቄ ከእህሉ ይልቅ የርግቡ ምሳሌ ይቀርባል።

የውጭ አገር ጠቢባንም በዚህ ነገር ተከራክረዋል። ሲሴሮ የተባለው ሮማዊ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው ስለ ምግባር በሚናገር መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንሥቷል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ገብቷል፤ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ደረሰ፤ ሌሎች መርከቦችም ከኋላው እንደሚመጡ በመንገድ አይቷል። ይህን ለተራቡት ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋን የባቢሎኑ፥ እህሉን በግልጥ እስከ ሸጠ ድረስ የሚያውቀውን ሁሉ የመንገር ግዴታ የለበትም ብሏል፤ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለሰው ጥቅም ተፈጥሯልና መደበቅ አይገባውም ብሏል። ሲሴሮም የፈረደው ለአንቲጳጥሮስ ነው።

ከዚህ ይልቅ ነገሩን ጠልቆ ያየው በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው የምዕራባውያን ሊቅ ቶማስ ዘአኵዊኖ ይመስላል። እንደ እርሱ አስተያየት፥ ሻጩ ዕቃውን ከእጁ በማውጣቱ የተለየ ጉዳት ቢያገኘው የጉዳቱን ካሣ በዋጋው ላይ መጨመር ይፈቀድለታል። ጉዳት ካላገኘው ግን፥ ገዢው ብርቱ ፈላጊ ስለ ሆነ ብቻ ዋጋ ሊጨምርበት አይገባም። ምክንያቱም ፍላጎቱ ከገዢው ሁኔታ የመጣ የገዢው ገንዘብ ነው፤ ሰውም የራሱ ያልሆነውን ነገር ሊሸጥ አይችልም። ይህ አስተያየት ለመጫወቻው ነጋዴ ልክ ይሆናል። ልጁ የሚጫወትበትን አሻንጉሊት ከእጁ ነጥቆ የሚሸጥ አባት ቢኖር፥ ስለ ልጁ ኀዘን ጥቂት ቢጨምር ይፈረድለት ይሆናል። ጠቅልሎ የገዛው ሰው ግን አሻንጉሊቱን ከቶ አልፈለገውም፤ ቢሸጠው የሚጐድልበት የለም። የጨመረው ዋጋ ሁሉ ከሌላ ሰው ቤት፥ ከአባትና ከልጅ መካከል የተወሰደ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ትምህርት ከዚህ ይከብዳል። በ368 እና በ369 ዓመት ገደማ በቀጰዶቅያ ድርቅ ሆኖ ሰው ሲራብ፥ ባለጠጎች እህላቸውን ዋጋ እስኪወጣ ድረስ በጐተራ ዘጉት። ቅዱስ ባስልዮስ ግን በስብከቱ ጐተራቸውን አስከፈተ፤ የተራቡትንም በአንድነት ሰብስቦ መገበ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በቀብር መታሰቢያው ባመሰገነው ጊዜ ከዮሴፍ ጋራ አስተያየው፤ ዮሴፍ በግብፅ እህሉን ለንጉሡ ትርፍ ሲሸጥ፥ ባስልዮስ ግን በነጻ ሰጠ አለ። ንባቡ የሚያመለክተን፥ በአባቶች ዘንድ በጭንቅ ቀን በልኩ መሸጥ እንኳ የመጨረሻው ደረጃ እንዳልነበረ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም እህል የሚደብቀውን ሕዝብ እንደሚረግመው፥ የሚሸጠውን ግን በረከት እንደሚከተለው ያስተምራል፤ ነቢዩ አሞጽ ደግሞ በዓሉ መቼ አልፎ እንነግዳለን የሚሉትን ገሥጿል። የዛሬው ነጋዴ በአንድ ነገር ከእነዚያ ይለያል፤ እነርሱ በዓሉ እንዲያልፍላቸው ይመኙ ነበር፤ እርሱ ግን በዓሉ እንዲመጣለት ይመኛል፤ ትርፉ ከበዓሉ ነውና።

በአገራችንም ክፉ ቀን ሰዎችን ፈትኗል። ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት፥ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬን ፈጅቶ እርሻ ባቆመ ጊዜ፥ ሕዝቡ ዘመኑን ክፉ ቀን ብሎ ጠራው። ዐፄ ምኒልክ የመንግሥቱን ጐተራ አስከፍተው ለተራበው አበሉ፤ በሬ ለጠፋበት ሕዝብም ምሳሌ እንዲሆኑ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። በቅርቡም ዘመን፥ በመጋቢት 2012 ዓመተ ምሕረት፥ የኮሮና በሽታ በአዲስ አበባ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፥ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር በጥቂት ቀን ውስጥ ዋጋቸው እጅግ ናረ። መንግሥትም ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ ያላቸውን መደብሮች አሸገ። በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት የሚለው የአበው ተረት በዚያ ሰሞን በብዙ ሰው አፍ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጫወቻ ወደዚህ ታሪክ እንዴት ገባ? በጥንት ዘመን የልጆቻችን መጫወቻ ሊከማች የማይችል ነገር ነበር። የገና ዱላ ከዛፍ ይቈረጣል፤ ኳሱ ከጨርቅ ይጠቀለላል፤ ገበጣ በመሬት ላይ ይቈፈራል፤ ልጃገረዶች የጭቃና የጨርቅ አሻንጉሊት በእጃቸው ይሠራሉ። በደብረ ታቦር በዓል፥ በነሐሴ 13 ቀን፥ ወንዶች ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ ከልጥ ወይም ከቃጫ ይገመዳል፤ ድምፁም በታቦር ተራራ የተሰማውን የአብን ድምፅ፥ ችቦውም በዚያ የታየውን ብርሃን ያስታውሳል ተብሎ ይተረጐማል። ልጁ ጅራፉን ሲገምድ የበዓሉን ምሥጢር አብሮ ይማር ነበር። ሠሪውም ተጫዋቹም አንድ ስለ ሆነ፥ በመካከል ገብቶ የሚያተርፍ ሰው ስፍራ አልነበረውም።

ከተማ ሲሰፋ ግን ልጥ የሚላጥበት ዛፍ ራቀ። ዛሬ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ በከተማው መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ለመስቀልም ችቦ ይሸጣል። ይህ በራሱ የሚያሳዝን አይደለም፤ ጅራፍ ገምዶ የሚሸጠው ጐልማሳ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ነገር ግን ከባሕር ማዶ በፋብሪካ የተሠራው መጫወቻ በመጣ ጊዜ፥ ከእርሱ ጋራ ሌላ ነገር ተከትሎ መጣ፤ ይኸውም ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድን ነገር ብቻ እንዲመኙ ማድረግ ነው።

ይህ በውጭ አገር እስከ ምን እንደ ደረሰ ጥቂት እንጥቀስ። በፈረንጆች ቍጥር በ1983 ዓመት በአሜሪካ ካቤጅ ፓች የተባሉት አሻንጉሊቶች በልደት ሰሞን ባጠሩ ጊዜ፥ አባቶችና እናቶች በመደብር ውስጥ ተጋፉ፥ ተደባደቡም። በ1996 ደግሞ ኤልሞ የተባለው ሲነካ የሚስቅ አሻንጉሊት፥ በመደብር ከ30 ዶላር የማይበልጥ ሲሆን፥ ከእጅ ወደ እጅ በመቶ በሚቈጠር ዶላር ተሸጠ። በዘመናችንም በ2017 ዓመተ ምሕረት ላቡቡ የተባለው ጥርሰ ሹል አሻንጉሊት ዓለምን ሁሉ አሳበደ። የሚሸጠው ፖፕ ማርት የተባለው የቻይና ኩባንያ፥ በግንቦት ወር በእንግሊዝ አገር ገዢዎች ስለ ተጣሉ፥ በዚያ ባሉት መደብሮቹ መሸጡን ለጊዜው አቆመ። በሰኔም ወር በቤጂንግ በጨረታ አንዱ፥ ቁመቱ ሰው የሚያህለው፥ ከአንድ ሚሊዮን ዩዋን በላይ ወጣ። ዳሩ ግን ኩባንያው ብዙ አድርጎ ባቀረበ ጊዜ፥ ጠቅልለው የገዙት ሰዎች ይጠይቁት የነበረው ዋጋ ወረደ። ትናንት እንደ ዕንቍ የተፈለገው ነገር ዛሬ ተራ ዕቃ ሆነ፤ ልጁም ረሳው። የቀረው በአባትየው ኪስ ላይ የደረሰው ጉድለት ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ወገን ክርክር እንመልስለት። መጫወቻ እንጀራ አይደለም ማለቱ እውነት ነው፤ ስለዚህም እህል አከማችቶ ሰው ያስራበና አሻንጉሊት አከማችቶ ልጅ ያስለቀሰ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ነገር ግን የመጀመሪያው ከበደ ማለት ሁለተኛው ጸደቀ ማለት አይደለም። ገዢው ወድዶ ገዛ የሚለውም ክርክር ደካማ ነው። በመደራደር የሚገዛ ሰው፥ ዋጋው ካልተስማማው ትቶ የመሄድ ኃይል አለው፤ የሚፈልገው ግን ልጁ፥ የሚከፍለው ግን አባቱ ሲሆን፥ ድርድሩ የሚፈጸመው በአባት ፍቅርና በአባት ድኽነት መካከል ነው። ባለጠጋው ይከፍላል፥ አይሰማውምም። ጥቂት ያለው ከቤት ኪራዩና ከልጁ ደብተር ቀንሶ ይከፍላል። የሌለው ደግሞ ልጁን ይቈጣል፤ ድኽነቱን ለመሸፈን ልጁን ጥፋተኛ ያደርጋል። ይህ ሦስተኛው ቤት በገበያ መዝገብ አይገባም፤ በንስሐ አባት ጆሮ ግን ይገባል።

በሌላው ወገን ደግሞ ፍርዳችን እንዳይጣመም መጠንቀቅ ይገባናል። በአየር በአየር ንግድ የሚውለው ሁሉ ባለጠጋ አይደለም። ሥራ ያጣ ጐልማሳ፥ እናቱን የሚጦር፥ ታናናሾቹን የሚያስተምር፥ ሁለት ሦስት መጫወቻ ገዝቶ በትርፍ ቢሸጥ፥ መቶ ካርቶን በመጋዘን ቈልፎ በዓሉን ከሚጠብቀው ጋራ አንድ አይደለም። ቀድሞ ተሰልፎ፥ ፀሐይና ዝናም ተቀብሎ፥ ሩቅ ላለ ሰው ቢያደርስ ድካም አለውና ደመወዙን መቀበሉ የተገባ ነው። የሚኰነነው ከድካሙ በላይ ያለው፥ ከመሰወሩ የተነሣ የመጣው ትርፍ ነው። ይህን ድንበር ዳኛ በሜዳ ላይ ሊያሰምረው ያስቸግረዋል፤ ሻጩ ግን በልቡ ያውቀዋል።

ዳኛ ሊያሰምረው ያስቸግረዋል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በስንክሳራችን በሰማዕታት ደም የሚታወቀው ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ዓመት ከአንድ ሺህ ለሚበልጡ ዕቃዎች የዋጋ ልክ ወስኖ፥ ከልኩ ያለፈውን በሞት እንደሚቀጣ አዋጅ አስነግሯል። በዚያው ዘመን የነበረው ላክታንጥዮስ እንደ ጻፈው ግን፥ ሸቀጥ ከገበያ ጠፋ፤ ስለ ጥቂት ነገር ደም ፈሰሰ፤ አዋጁም በመጨረሻ ተተወ። በአገራችንም በ2003 ዓመተ ምሕረት መንግሥት በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አድርጎ፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ላይ አንሥቷል። በ2006 ዓመተ ምሕረት የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ እጥረት ያለበትን ሸቀጥ ማከማቸትን ከልክሏል። እንዲህ ያለው ሕግ ለእህልና ለዘይት፥ ለመድኃኒትም ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ አሻንጉሊት ዘብ ማቆም ግን አይቻልም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ወዴት ነው? ወደ ኢየሩሳሌሙ መምህር እንመለስ። እርሱ የሻጩን እጅ ሳይዝ የገዢውን ሸክም አቀለለ። በእናቶቹ ላይ የነበረው ሸክም የሕግ ሸክም ነበር፤ በእኛ ወላጆች ላይ ያለው የይሉኝታ ሸክም ነው። የጎረቤት ልጅ ያገኘውን ልጄ ቢያጣ ምን ይሉኛል የሚለው አሳብ፥ ከየትኛውም ነጋዴ ይልቅ ዋጋ ያስወድዳል። ይህን ሸክም ሊያነሣ የሚችል አዋጅ የለም፤ ትምህርት ግን ይችላል። ለዚህም ከካህናት የሚቀርብ የለም። የንስሐ አባት በዓመት በዓል ዋዜማ ወደ ቤት ገብቶ ጠበል ሲረጭ፥ ለልጅ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ያልተበደሩበት ደስታ መሆኑን ቢናገር፥ የክርስትና አባትም የተጠራበትን ስም አስቦ ለልጁ ጅራፍ መግመድ ወይም ገበጣ መጫወት ቢያስተምረው፥ የሰንበት ትምህርት ቤትም ልጆች በእጃቸው የሠሩትን መጫወቻ የሚያሳዩበት ቀን ቢወስን፥ የጠቀለለው ሰው ካርቶኑን ይዞ ይቀራል።

ይህን ስንል መጫወቻን አትግዙ ማለታችን አይደለም። ልጅ ይጫወት ዘንድ ተፈጥሯል፤ በልኩ ገዝቶ ልጁን የሚያስደስት አባት የተመሰገነ ነው። ወላጅ ከአቅሙ በላይ የሚጠየቅበትን ቀን ግን ደፍሮ ዛሬስ አልገዛም ይበል፤ ልጁም በዚያ አይጐዳም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች በዙ ማለት፥ ዋጋው በዚያው ቀን ወረደ ማለት ነው።

ለነጋዴውም ወንድማችን ሦስት ጥያቄ እንተውለት፤ በየምሽቱ ሒሳቡን ሲዘጋ ይጠይቃቸው። እኔ በመካከል ባልኖር ዕቃው ለገዢው ይቀርበው ነበርን? የጨመርሁት ዋጋ የድካሜ ነው ወይስ የሌላው ሰው ጭንቅ? ይህንኑ ዕቃ ለገዛ ወንድሜ ልጅ በዚህ ዋጋ እሸጠው ነበርን? ሦስቱን ያለ ፍርሃት መመለስ የሚችል ሰው ትርፉ የተባረከ ነው፤ በኮልፌም ሆነ በመርካቶ፥ በጉልትም ሆነ በመደብር ይነግድ፥ ይበልጽግም። ሦስተኛው ጥያቄ የከበደው ሰው ግን፥ ያ አሻንጉሊት የሚገባበት ቤት ሁሉ የወንድሙ ቤት መሆኑን ያስብ። ቀራንዮ ብለን በምንጠራው መንደር የምንኖር ሰዎች፥ ስለ ሁላችን በነጻ የተሰጠውን እያሰብን፥ በሕፃናት ደስታ ላይ ኬላ ከማቆም እግዚአብሔር ይጠብቀን።